«ኮዱን ይንገሩኝ»፦ ጀማሪ የስልክና የኢንተርኔት ተጠቃሚ ሊለያቸው የሚገቡ ቃላት

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ጎጃም በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ሱሉልታ በወተቷና በድርቆሿ ትታወቃለች። ወተት አቅራቢውም ሆነ ድርቆሽ ሻጩ ሒሳቡን በስልክ ጭምር መቀበል ከጀመረ ሰነባብቷል፤ የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ገንዘብ ወደ ስልክ ከገባ ወዲህ የኮምፒውተርና የኢንተርኔት ቃላትን አለመለየት ኪስ የሚነካ ጉዳይ ሆኗል።

በእጅ የሚያዘው «ታች» ስልክ ራሱ ኮምፒውተር ነው። የሚዳሰሰው አካሉ፣ ማለትም ስክሪኑ፣ ባትሪውና ሜሞሪው ሃርድዌር ሲባል፣ ይህን አካል የሚያሠራው የማይዳሰስ የትእዛዝ ስብስብ ሶፍትዌር ይባላል። ለአንድ ዓይነት አገልግሎት የተዘጋጀ ሶፍትዌር፣ ለምሳሌ ቴሌግራም፣ መተግበሪያ ነው፤ በገበያው አነጋገር «አፕ»።

ኔትወርክና ኢንተርኔት በተለምዶ እየተደባለቁ ይጠራሉ። ኔትወርክ ስልኩን ከቴሌኮም ማማ ጋር የሚያገናኘው መሥመር ነው። ኢንተርኔት ደግሞ የዓለምን ኮምፒውተሮች ያስተሳሰረ መረብ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። በሞባይል ኢንተርኔት ለመጠቀም ዳታ ያስፈልጋል። ዳታ በሜጋ ባይት ይለካል፤ አንድ ጊጋ አንድ ሺህ ሜጋ ያህል ነው። ቪዲዮ ብዙ ሜጋ ሲበላ የጽሑፍ መልእክት እጅግ ጥቂት ይወስዳል። በሌላ በኩል የቴሌብሩ *127# እና የኢትዮጵያ ንግድ ባንኩ *889# ያለ ዳታ፣ በኔትወርክ ብቻ፣ በባለ ቁልፍ ስልክም ይሠራሉ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ለአርሶ አደሮች የግብርና ምክር በድምፅ የሚያሰማው 8028ም እንዲሁ ኢንተርኔት አይጠይቅም።

ትልቁ መደናገር ያለው «ኮድ» በሚለው ቃል ላይ ነው፤ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች በዚሁ ስም ይጠራሉና። የመጀመሪያው እንደ *127# ያለው የአገልግሎት መጥሪያ ነው። ይህ በአደባባይ የሚለጠፍ ስለሆነ ለማንም ቢነገር ጉዳት የለውም። ሁለተኛው የሚስጥር ቁጥር ወይም ፒን ሲሆን፣ በቴሌብር ባለ ስድስት አኃዝ ነው። የቤት ቁልፍ ማለት ነው፤ የባንክም ሆነ የቴሌ ሠራተኛ ሊጠይቀው አይገባም። ሦስተኛው የማረጋገጫ ኮድ ነው። አንድ ሰው አካውንት ለመክፈት፣ በሌላ ስልክ ላይ ለመግባት ወይም በፋይዳ ማንነቱን ለማረጋገጥ ሲሞክር በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይላካል፤ የሚያገለግለውም ለአንድ ጊዜና ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው።

አጭበርባሪው የሚጠቀመው በዚህ መደናገር ነው። «አባቴ፣ ሽልማት ደርሶዎታል፤ አሁን የመጣልዎትን ኮድ ይንገሩኝ» ይላል። ባለስልኩ እንደ *127# ያለ ነገር መስሎት ያነብለታል። ደዋዩ ግን በዚያው ቅጽበት በራሱ ስልክ ወደ ሰውየው አካውንት ለመግባት እየሞከረ ነበር፤ የጎደለው ያ ኮድ ብቻ ነው። ሳይጠይቁት የመጣ የማረጋገጫ ኮድ ሌላ ሰው በር እያንኳኳ መሆኑን ያመለክታል፤ ዝም ማለት ይበቃል።

ሌላው ማታለያ ኮድ እንኳ አይጠይቅም። ድርቆሹ መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ ገዥው «ልኬያለሁ» ይላል፤ ገንዘብ መግባቱን የሚገልጽ መልእክትም ይደርሳል። መልእክት ግን ማንም ሊጽፈው የሚችል ጽሑፍ ነው። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ሻጩ ራሱ *127# ደውሎ ቀሪ ሒሳቡን ማየት አለበት። ገዥው ቢቸኩል ጥርጣሬው ይጨምር እንጂ አይቀንስ።

ሊንክ ወይም ማስፈንጠሪያ ሲነኩት ወደ ሌላ ድረ ገጽ የሚወስድ ጽሑፍ ነው። ከላይ የሚታየው ስምና ሊንኩ የሚወስድበት አድራሻ ሊለያዩ ይችላሉ፤ የባንክ ምልክት የተለጠፈበት ገጽ ሁሉ የባንኩ አይደለም። ስለዚህ በቴሌግራም በተላከ ሊንክ መተግበሪያ ከማውረድ ይልቅ ከፕሌይ ስቶር መውሰድ ይሻላል።

ኮዱን አንዴ የተናገረ ሰው ሳይውል ሳያድር የሚስጥር ቁጥሩን መቀየርና ለኢትዮ ቴሌኮም በ994፣ ለንግድ ባንክ ደግሞ በ951 ደውሎ ማሳወቅ ይኖርበታል። የመጣውን መልእክትና የደዋዩን ቁጥር ከስልኩ ማጥፋት የለበትም። በኮምፒውተር አማካይነት ማታለል በአዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል በመሆኑ፣ ለፖሊስ ሲያመለክት ማስረጃው እነርሱ ናቸው።