ነገረ ኮፓ፤ የሞተር ከርሥ በባለቤቱ እጅ ይከፈት ስለ ነበረበት ዘመን

የአሜሪካ ባላገር በገዛ ደጁ ተንጋልሎ የአውቶሞቢሉን ሞተር ከበታቹ ይከፍት የነበረበትን ዘመን የሚያወሱ ጸሐፍት፣ ልማዱን ለሕዝቡ ትጋትና ለጥበብ ፍቅሩ ይሰጡታል፤ ነገሩን ከሥሩ ለመረመረ ሰው ግን፣ ያን ገበሬ አፈር ላይ በጀርባው ያስተኛው ከፍቅር ይልቅ የማዕድን ልስላሴ እንደ ነበረ ይገለጥለታል።

ማዕድን ማለቴ ባቢት የሚባለውን ነጭ ቅይጥ ነው። አይዛክ ባቢት የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1839 ቆርቆሮን ከመዳብና ከአንቲሞኒ ጋር አቅልጦ ያወጣው ይህ ቅይጥ፣ ፒስቶኑን ከሞተሩ ዋና ዘንግ ከኮሎው ጋር በሚያያይዘው በቢየላውና በራሱ በኮሎው መካከል ገብቶ፣ ዘይት እስካልተለየው ድረስ ብረት ብረትን እንዳይበላ ይጠብቃል። ለስላሳ በመሆኑ ግን ከጊዜ ብዛት እየሳሳ ይሄዳል፤ በሳሳም ጊዜ ሞተሩ ከውስጥ እንደሚንኳኳ በር ይንኳኳል።

ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1908 ያወጣውና እስከ 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ የተሠራው ቲ ሞዴል የዘይት ፖምፓ አልነበረውም። ከሞተሩ በስተኋላ የሚዞረው ከባድ መንኰራኵር ዘይቱን ይረጨዋል፤ ከርጭቱም ጥቂቱ በቀጭን ቱቦ ወደ ፊት ተጉዞ፣ ኮፓ በምንለው በታችኛው የዘይት መያዣ ውስጥ ባሉት ጎድጓዶች ይጠራቀምና፣ ቢየላዎቹ በየዙራቸው እየነከሩ ይቀቡበታል። አቀበት በረዘመ ጊዜ ዘይቱ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ የፊተኛው ቢየላ ይጠማል። የዘይቱን ልክ ለማወቅም ከመኪናው ሥር ገብቶ ሁለት ትንንሽ ቧንቧዎችን መክፈት ግድ ነበረ፤ ከላይኛው ከፈሰሰ መልካም ነው፣ ከታችኛው እንኳ ካልወጣ ግን ሞተሩን ማስነሣት ጥፋቱን መሻት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኮፓው አንድ ወጥ ስለ ነበረ፣ ቢየላ ለማጥበቅ የፈለገ ሰው ሞተሩን በሙሉ ማውጣት ነበረበት። ፋብሪካው ይህን ተመልክቶ እ.ኤ.አ. በ1911 ገደማ ከኮፓው ሥር በቡሎን የሚታሰር ክዳን ጨመረ፤ የቤት ውስጥ ጥገናም በእውነት የተወለደው በዚህች ክዳን ነው ብዬ አምናለሁ። ባለቤቱ ዘይቱን አፍስሶ፣ ክዳኑን አውርዶ፣ የቢየላውን ቆብ ይፈታና ፊቱን በሞረድ ጥቂት በጥቂት ይፍቃል፤ መልሶ አሥሮም በማስነሻው እጀታ ያዞረዋል፤ ከበድ ብሎ፣ ነገር ግን ሳይያዝ ከዞረ ልኩን አገኘ ማለት ነው። ከዚያም ያንኑ አላልቶ ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ አራቱን ባንድነት ቢያጠብቅ የትኛው እንደ ከበደ መለየት አይቻለውምና። ዘይት እንዳይፈስ በክዳኑ ጠርዝ የሚገባው ጓርኒሲዮን የተቀደደበት እንደ ሆነ ወፍራም ወረቀት ከክዳኑ ላይ ዘርግቶ ጠርዙን በመዶሻ ቀስ እያለ ይመታል፤ ወረቀቱም በጠርዙ ልክ ተቈርጦ ይወጣል። ይህን ዘዴ የኛም አገር የጋራዥ ሠራተኞች አሳምረው ያውቁታል።

ልማዱ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ምን ያህል እንደ ሠረጸ ለማየት፣ ጆን ስታይንቤክ እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ ከኦክላሆማ ወደ ካሊፎርኒያ የሚሰደዱትን ወንድማማቾች፣ ቶምንና አልን መመልከት ይበቃል። የሚነዱት የዶጅ አውቶሞቢል ቢየላ በመንገድ ላይ ቢበላሽባቸው ኮፓውን አውርደው፣ ከወዳደቀ መኪና ሌላ ቢየላ ገዝተው፣ የፒስቶኑን ፋሻዎች በቀጭን የነሐስ ሽቦ አሥረው ወደ ቤቱ ይመልሱታል። ይህን ሁሉ ጋራዥ ሳይገቡ በሌሊት ይፈጽሙታል፤ ደራሲውም ሥራውን እንደሚያውቅ ከአጻጻፉ ይታወቃል።

የለውጡ ዘመን ግን ቀርቦ ነበር። ሼቭሮሌ ቀልጦ የሚፈስሰውን ባቢትና የዘይት ርጭቱን በስድስት ሲሊንደር ሞተሩ ላይ እስከ 1953 እ.ኤ.አ. ድረስ ይዞ ቢቈይም፣ በማግሥቱ ዓመት ለሁሉም ሞተሮቹ በፖምፓ የሚገፋ ዘይትንና እንደ ቅርፊት የሳሳ ተቀያሪ ብሮንዚናን ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ ኮፓ በአብዛኛው የሚወርደው ዘይት ሲያንጠባጥብ ወይም ድንጋይ ሲመታው ሆነ፤ እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም፣ የሻንሲው ተሻጋሪ ብረት ከሥሩ ስለሚጋርደው ብዙ ጊዜ ሞተሩን በክሪክ ከፍ ማድረግ ያሻል። የቡሽ ጓርኒሲዮን ደግሞ ቡሎኑ አለቅጥ ከጠበቀ ተጨፍልቆ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ጀማሪ ሠራተኛ ሁሉ የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ፣ የአዲስ አበባ ሰው ጠንቅቆ የሚያውቀው አሮጌው ቮልስዋገን ተነጥሎ የሚወርድ ኮፓ የለውም። ከሞተሩ ሥር በ6 ዳዶ የታሰረች ክብ ክዳንና ከላይዋ የምትቀመጥ የሽቦ ወንፊት ብቻ ነው ያለው። ባለቤቱ 2 ሊትር ተኩሉን ዘይት ሲቀይር ክዳኗን አውርዶ ወንፊቷን በቤንዚን ያጥባል፣ ከላይና ከታች ያሉትንም ሁለት የወረቀት ጓርኒሲዮኖች አዲስ ያደርጋል። ጉልበቱን የሚያምን ሰው ዳዶዎቹን ከልክ በላይ ያጠበቃቸው እንደ ሆነ ግን፣ የሞተሩ አካል ከቀላል ማዕድን የተሠራ ነውና፣ ቡሎኑ ጥርሱን ይዞ ይነቀላል፤ ያን ጊዜ ሥራው ከቤት ወጥቶ ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል።