የትምህርት ቤት ድጎማና ትምህርት ማቋረጥን መከላከል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን

የትምህርት ቤት ድጎማ፣ መምህራን በተለምዶ «ስኩል ግራንት» የሚሉት፣ ከደመወዝ ውጭ ላሉ ወጪዎች በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ለየትምህርት ቤቱ የሚላክ የመንግሥት ገንዘብ ነው። ማቋረጥን ለመከላከል ብቻ ተብሎ የተመደበ አይደለም። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ መጠነ ማቋረጥን ይቀንሳል ተብሎ እስከ ገጠር ቀበሌ የወረደ ገንዘብ ቢፈለግ በቀዳሚነት የሚገኘው ይኸው ነው። በከሚሴና በዙሪያዋ ባሉት የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ወረዳዎች ድጎማው ምን ማድረግ እንደሚችልና የት ላይ እንደሚያጥረው በግልጽ ይታያል።

ዞኑ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ የተዘረጋ ነው። ደዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋ፣ ደዌ ሐረዋና ባቲ ወረዳዎቹ ሲሆኑ መቀመጫው ከሚሴ ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ 457,278 ሰው ተመዝግቦበታል። በምሥራቅ ከአፋር ክልል ይዋሰናል፤ ቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ረግረግም በበጋ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት ግጦሽ ነው። ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ይማራሉ። ለዚህ በር የከፈተው የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለው ትምህርት በነፃ እንዲሰጥም ወስኗል። የትምህርት ክፍያ ቀረ፤ የደብተር፣ የእስክሪብቶና የዩኒፎርም ወጪ ግን የወላጅ ሆኖ ቀጠለ። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ ልጁ ትምህርት ቤት ሲውል ቤተሰቡ የሚያጣው ጉልበት ነው።

ድጎማው በስፋት የተጀመረው በ2001 ዓ.ም. ሥራ በገባው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ነው። ወጪውን መንግሥት ከዓለም ባንክ፣ ከብሪታኒያና ከሌሎች አጋሮች ጋር ሸፍኖታል። ከዚያ በፊት የወረዳ የትምህርት በጀት አብዛኛው በመምህራን ደመወዝ ያልቅ ስለነበር ለጠመኔና ለተሰበረ ወንበር እንኳ የሚተርፈው ጥቂት ነበር። በአዲሱ አሠራር ገንዘቡ ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ትምህርት ቤቱ ይወርዳል። አጠቃቀሙን ርዕሰ መምህሩ ብቻውን አይወስንም፤ ወላጅ መምህር ኅብረቱ (ወመህ) እና የቀበሌው ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ (ቀትስቦ) አብረው ይመክሩበታል። እቅዱም መማር ማስተማርን፣ ምቹ የትምህርት አካባቢን፣ አመራርንና የኅብረተሰብ ተሳትፎን ከያዘው የትምህርት ቤት መሻሻል መርሐ ግብር ጋር መያያዝ አለበት።

መጠኑ ለአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ በዓመት 50 ብር አካባቢ ነበር። 400 ተማሪ ያለው የገጠር ትምህርት ቤት በዚህ ስሌት 20,000 ብር ያገኝ ነበር። በዚህ ገንዘብ ማጣቀሻ መጻሕፍት ይገዛሉ፣ የፈረሰ ግድግዳ ይመረጋል፣ ለሴቶች የተለየ መጸዳጃ ቤት ይጀመራል። ይህ በቀላሉ የሚታይ ጥቅም አይደለም፤ ለአካለ መጠን የደረሰች ልጅ መጸዳጃ በሌለበት ግቢ ሙሉ ቀን መዋል ስለማትችል ከወር ወር ትቀራለች፣ በመጨረሻም ትተዋለች።

ስሌቱ ግን አንድ ትልቅ ክፍተት ነበረበት። ገንዘቡ የሚመጣው በተመዘገበ ተማሪ ልክ እንጂ እስከ ሰኔ በቆየ ተማሪ ልክ አልነበረም። መስከረም ላይ ስሙ የሰፈረ ልጅ ኅዳር ላይ ለአጨዳ ቢቀር ትምህርት ቤቱ በዚያ ዓመት የሚያጣው ብር የለም። በ2010 ዓ.ም. የጸደቀው የፕሮግራሙ ሦስተኛ ምዕራፍ ለዚህ መልስ ለመስጠት ሞክሯል፤ ከክፍያው ከፊሉን ከውጤት ጋር አስሮ፣ ከመለኪያዎቹ አንዱን የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ቁጥር ከ1ኛ ክፍሉ ጋር ያለው ጥምርታ አደረገው። ምርጫው ትክክል ነበር፤ የኢትዮጵያ ልጆች ትምህርት በብዛት የሚያቋርጡት በ1ኛ ክፍል ነውና።

በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ልጅን ከክፍል የሚያስቀሩት ብዙዎቹ ምክንያቶች ከግቢው ውጭ ናቸው። የባቲ ገበያ ሰኞ፣ የሰንበቴ ደግሞ እሑድ ይቆማል፤ የባቲ ሰኞ የትምህርት ቀንም ነው። ፍየል የሚነዳ፣ እናቱን ዕቃ የሚያግዝ ልጅ ስም ሲጠራ «የለም» ይባላል። ዝናብ ሲያጥር ከብት ራቅ ወዳለ ውኃ ይነዳል፣ እረኛውም አብሮ ይሄዳል። ልጃገረዶችን ያለዕድሜ ጋብቻ ይጠብቃቸዋል። ከፍ ያሉት ደግሞ በአፋርና በጅቡቲ አድርገው፣ ባሕር ተሻግረው ሳዑዲ ዓረቢያ ለመግባት ይነሳሉ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ በጥቂት ወራት ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከወሎና ከዚህ ዞን የሄዱ ወጣቶች በብዛት ነበሩባቸው። ጎረቤቱ ከጂዳ በላከው ብር ቆርቆሮ ቤት ሲሠራ ያየን የ8ኛ ክፍል ተማሪ፣ አዲስ ጥቁር ሰሌዳ ብቻውን አያስቀረውም።

ስለዚህ ድጎማ ከትምህርት ቤት አልፎ ወደ ቤት ሲገባ የተገኘው ውጤት ልብ ሊባል ይገባል። በዚሁ በአማራ ክልል፣ በምዕራብ ጎጃም ይልማና ዴንሳ ወረዳ፣ ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. «ብርሃነ ሔዋን» የተሰኘ ሙከራ ተካሂዷል። የመንግሥት የወጣቶች መሥሪያ ቤቶችና ፖፑሌሽን ካውንስል ለልጃገረዶች የትምህርት ቁሳቁስ ሰጡ፤ ልጃቸውን ሳይድሩ መርሐ ግብሩን ላስጨረሱ ቤተሰቦችም በፍጻሜው ፍየል ወይም በግ ተሰጣቸው። ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆኑት ልጆች ከማነጻጸሪያው ቀበሌ ልጆች ይልቅ በትምህርት ገበታ የመገኘት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ያህል ሆነ፣ የማግባት ዕድላቸውም ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። ባንግላዴሽም ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገጠር የሁለተኛ ደረጃ ልጃገረዶች የኪስ ገንዘብ የምትከፍለው በተመሳሳይ ውል ነበር፦ 75 በመቶ ክፍል መገኘት፣ የተወሰነ ውጤት ማምጣትና ሳያገቡ መቆየት።

ምግብም እንዲሁ ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ የተማሪዎች ምገባን ሲደግፍ ቆይቷል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 የትምህርት ዘመን ከራሱ በጀት 300 ሺህ ለሚሆኑ ልጆች ቁርስና ምሳ፣ ደብተርና ዩኒፎርም ማቅረብ ጀምሯል። ድርቅ ለሚደጋገምባቸው የባቲና የደዌ ሐረዋ ቆላማ ቀበሌዎች ይህን የሚስተካከል ቋሚ በጀት ቢኖር ጥቅሙ ከአዲስ አበባው አያንስም፤ የወረዳ ገቢ ግን ይህን ለመሸከም አይበቃም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር የቤተሰቡን ራብ ያስታግሣል እንጂ ክፍያው ከልጁ ክፍል መገኘት ጋር አልተያያዘም።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው ደግሞ በድጎማ ስሌት የማይገመት ነው። በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት 2012 ጀምሮ ለወራት ተዘጉ። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በዞኑና በአዋሳኝ የሰሜን ሸዋ አካባቢዎች ግጭት ተነሳ፤ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መገባደጃ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ከሚሴ ደርሶ ከተማዋ እስከ ኅዳር በታጣቂዎች ቁጥጥር ሥር ቆየች። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በቀጠለው ግጭት ከ4 ሚሊዮን የሚበልጡ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን የክልሉ ትምህርት ቢሮ አስታውቋል። ትምህርት ሚኒስቴር «ትምህርት ለትውልድ» በሚል ንቅናቄ ከኅብረተሰቡ ገንዘብና ጉልበት አሰባስቦ ትምህርት ቤቶችን ያስጠግናል። ድጎማው ግን አሁንም ተማሪን ቆጥሮ የሚሰላ ከሆነ፣ ተማሪዎቹ የተበተኑበትና ከማንም በላይ ገንዘብ የሚያስፈልገው ትምህርት ቤት ከሁሉም ያነሰ ይደርሰዋል። ለእንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ቋሚ መነሻ ገንዘብ መመደብና ከግጭቱ በፊት በነበረው ምዝገባ ማስላት የገንዘብና የትምህርት ቢሮዎች በደንብ ሊያስተካክሉት የሚችሉት ነገር ነው።