ጨለማ ቤትና ፎቶግራፍ፤ በሰቆጣ ዙሪያ የተደረገ ምልከታ

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የዋግንና የላስታን ታሪክ ለማጥናት የቆዩ ፎቶግራፎችን የሚሰበስብ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ተራራው፣ ገበያው፣ የጦሩ ሰፈር፣ በደጅ የቆመው መኰንን ተነሥቷል፤ በቅኔ ማሕሌት ሌሊቱን ሙሉ የሚደረገው ግን ከስንት አንድ ነው። ብዙዎች ይህን በካህናቱ ክልከላ ያመካኛሉ። ክልከላው ምንም እንኳ እውነት ቢሆን፣ ለእኛ እንደሚመስለን ከርሱ የበለጠው ምክንያት የብርሃን ማነስ ነው።

በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲገሠግሥ ከመሐንዲሶቹ ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩበት። ዘመኑ ዋግ ሹም ጎበዜ፣ ኋላ ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ የተባሉት፣ ኃያል የነበሩበት ነው። በ1851 የታወቀው የእርጥብ መስተዋት ዘዴ መስተዋቱን በመድኃኒት ቀብቶ፣ ሳይደርቅ አንሥቶ፣ ወዲያው በጨለማ ድንኳን ማጠብን ይጠይቃል። በጠራ ፀሐይ እንኳ ሴኮንዶች ይፈጃል። እንግዲህ ከሰፈር፣ ከገደልና ጸጥ ብለው ከቆሙ ሰዎች በቀር ምን ማንሣት ይቻል ነበር?

በሌላው ዓለም ጨለማውን በእሳት ለማሸነፍ ተሞከረ። ፒያትሲ ስሚዝ በ1865 በግብፅ በታላቁ ፒራሚድ ውስጥ ማግኒዝየም አቃጥሎ አነሣ፤ በ1887 የማግኒዝየም ዱቄት፣ ከ1929 ወዲህም የፍላሽ አምፑል መጣ። ዱቄቱ ቤቱን በጭስ ይሞላል። ጥንታዊ ሥዕል ባለበት ቤት ይህን የሚከለክል ካህን ሊወቀስ አይገባውም። የስዊስ ተወላጁ ጌዮርግ ጌርስተር በ1968 ከዓለት ስለ ተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት መጽሐፍ አወጣ፤ ዓለት ግን የፈለጉትን ያህል ጊዜ ይጠብቃል፤ የሚያሸበሽብ ደብተራ አይጠብቅም።

ችግሩን በሌላ ስፍራ አውቀነው ነበር። ቅርጫት ኳስ በ1891 በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ሲፈጠር በክረምት በቤት ውስጥ እንዲጫወቱት የታሰበ ስለ ሆነ፣ ከልደቱ ጀምሮ የፎቶግራፍ ጠላት ነው። የሚሮጠውን ተጫዋች ለማስቆም የሴኮንድ አንድ አምስት መቶኛ ያህል ፍጥነት ይፈለጋል፤ የአዳራሹ መብራት ግን ይህን አይፈቅድም። በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ያነሣነው ሁሉ ጭጋግ ነበር። ኋላ አንድ ዘዴ አገኘን፦ የዘለለ ሰው ከጫፍ ሲደርስ፣ ከመውረዱ በፊት፣ ለቅጽበት ይቆማል። ያን ጊዜ አንድ ስድሳኛም ይበቃል።

ይህንኑ ይዘን በሰቆጣ ዙሪያ በአንድ ደብር፣ በአለቃው ፈቃድ፣ ማሕሌት አደርን። ብርሃኑ ጧፍ ብቻ ነው። በመቶ ስሜት በሚለካ ፊልም ቢሆን የሴኮንድ ሩብ በሚያሻበት ስፍራ፣ ስሜቱ 6400 በሆነ ዲጂታል ካሜራ (እንደ ኒኮን ዲ ሦስት ያለው በ2007 ወጥቷል) አንድ ሁለት መቶ አምሳኛ ያህል ይበቃል፤ ስልሳ አራት እጥፍ ማለት ነው። ወረቡ ሲፋጠን መቋሚያዎቹ ከፍ ብለው ሊወርዱ ሲሉ እንደ ተጫዋቹ ይቆማሉ፤ እኛም ያንን ጠበቅን። ሆኖም የነጩ ሸማ ብርሃን የካሜራውን መለኪያ አሳሳተውና የካህናቱ ፊት ጠቈረ። ሸማውን ችላ ብለን ፊቱን መለካት እንደሚገባ የተማርነው ከሌሊቱ ግማሽ በኋላ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ በፍላሽ አነሣን። ፍላሽ ደግሞ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ በፊት ያሉት ነጡ፤ ከበሮ መቺው ጠፋ። በማግሥቱ ሥዕሎቹን ለመሪጌታው ስናሳያቸው በዚህኛው ላይ፣ «ይህስ ቀን ነው፤ እኛ እንዲህ አላደርንም» አሉን። ደብዛዛ ነው ብለን ልንጥለው ያሰብነውን ሲያዩ ግን ተሰላፊዎቹን በቁመናቸው እየለዩ፣ ማን ከማን ቀድሞ መቋሚያ እንዳነሣ ነገሩን። ከጀርባው ላይ የተናገሩትን፣ የጧፉን ብዛትና ሰዓቱን ጽፈን አንዱን ቅጂ ለደብሩ ትተናል።