«ጾመኛ ነኝ»፦ የሴት ተማሪዎች አመጋገብና ቁመና

በእናቶቻችን ዘመን በጎጃም ደጋ የምትደነቀው ሞላ ያለችው ነበረች። ዛሬ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ ለመቅጠን ስትል የካፌውን ምግብ ትታ «ጾመኛ ነኝ» ካለች ጠያቂ የላትም፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ሲመጣም የ55 ቀኑ ሁዳዴ ይሸፍኗታል። ጾም ግን ሰዓት ይገድባል፣ ሥጋና ወተት ይከለክላል እንጂ ሽሮና ምስር አይከለክልም።

የዓለም ጤና ድርጅት የክብደትና የቁመት ምጣኔ ከ18.5 ሲያንስ ከመጠን በላይ ቀጭን ይለዋል፤ 1.60 ሜትር ለምትረዝም ሴት 47 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። ወር አበባ የምታይ ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም የብረት ማዕድን ያስፈልጋታል፤ ለወንድ 8 ይበቃዋል።

ሕጉስ? (የሙያ ነገር ሆኖ አላልፈውም።) የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91/1995 ተማሪ የምግብና የመኝታ ወጪውን በሙሉ እንዲጋራ ደነገገ። የካፌ ተማሪ ከሆነች፣ ያልነካችው ሰሃን ሒሳብም ከምረቃ በኋላ ከደመወዟ ይቆረጣል።