በሎንዶን ቤተ መዘክር ስለማይታዩት ታቦታት

ወደ ሎንዶን ከተማ የሚሄድ መንገደኛ፥ ሌላውን ነገር ሁሉ ቢተው እንኳ፥ የብሪታንያን ቤተ መዘክር ሳያይ መመለስ አይወድም። ይህ ቤት በ1753 በሕግ ተመሥርቶ በ1759 ለሕዝብ የተከፈተ ነው (ነገሩ የአውሮፓ ስለ ሆነ፥ ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ይጻፋል)። ለመግባትም ዋጋ አይጠየቅበትም። የገባው ሰው የግብፅን ነገሥታት ሐውልት፥ የአቴናን የእብነ በረድ ሥራና የአሦርን ባለ ክንፍ በሬዎች ሲመለከት ይውላል፤ እግሩ ይደክማል እንጂ ዓይኑ አይጠግብም።

መጽሐፍ ለተማረ ሰው ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የለኪሶ ሥዕል ያለበት ክፍል ነው። የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም በይሁዳ ከተሞች ላይ እንደ ወጣ፥ ሕዝቅያስም ወደ ለኪሶ መልእክተኛ እንደ ሰደደበት በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፎ ይገኛል። ይኸው ንጉሥ፥ በ701 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ያገኘውን ድል በነነዌ ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ በድንጋይ አስቀርጾታል። እርሱ በዙፋኑ ተቀምጦ፥ ምርኮኞቹ ከነልጆቻቸው በፊቱ ሲያልፉ፥ ወታደሮቹም ትልልቁ የዕጣን ማጠኛ ሳይቀር የዘረፉትን ዕቃ ተሸክመው ሲወጡ ይታያል።

ኢትዮጵያዊ መንገደኛ በዚህ ሥዕል ፊት ከሌላው ሰው ይልቅ ቢዘገይ አያስደንቅም፤ እንደዚህ ያለ ጉዞ በአገሩም ሆኗልና። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በትንሣኤ ማግስት፥ በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ። ዐፄ ቴዎድሮስም እጃቸውን ከመስጠት ይልቅ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ወታደሩ ግምጃ ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን ከበረበረ በኋላ፥ ምርኮው በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ በዚያም ሁለት ቀን ሙሉ በሐራጅ ተሸጠ። የብሪታንያ ቤተ መዘክር አስቀድሞ ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል ሰው ከጦሩ ጋር ልኮ ነበርና፥ የተሻለው ሁሉ በርሱ እጅ ገባ። የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ ይዞ ያገኘውን አንድ ወታደር 4 ፓውንድ ሰጥቶ ሁለቱንም ወስዶበታል።

ታሪክ የሚጽፍ ሰው ግን አንዱን ተናግሮ ሌላውን መሰወር አይገባውም። ከመጻሕፍቱ ብዙዎቹን ንጉሡ ራሳቸው በ1866 ጎንደርን ባስበረበሩ ጊዜ ከአድባራቱ አስወስደው፥ በመቅደላ ሊያሠሩት ላሰቡት ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያከማቿቸው ናቸው። ስለዚህ መጻሕፍቱ ሁለት ጊዜ ተማርከዋል ማለት ይቻላል።

ከመጻሕፍቱ 350 የሚሆኑት ወደ ቤተ መዘክሩ ገብተው፥ በ1973 የመጻሕፍቱ ክፍል ራሱን ችሎ የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በተባለ ጊዜ ወደዚያ ተላለፉ። ዊልያም ራይት በ1877 ዝርዝራቸውን ስላሳተመ፥ የግእዝ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። ዘውዱና ጽዋው የቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ድርሻ ሆኑ። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስቶን በ1871 በፓርላማ ቆመው፥ እነዚህ ዕቃዎች መምጣታቸው እጅግ እንዳሳዘናቸው ተናግረዋል፤ ዕቃዎቹ ግን በዚያው ቀሩ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሊታይ ወይም ሊነበብ የሚችል ነው። መንገደኛው ቢዞር፥ ቢጠይቅ፥ ዋጋ ልክፈል ቢል የማያየው ነገር ግን በዚያው በብሪታንያ ቤተ መዘክር አለ። ይኸውም አሥራ አንድ ታቦታት ናቸው፤ አብዛኞቹም የመቅደላ ናቸው። ታቦት በመንበሩ ሆኖ ቅዳሴ ይቀደስበታል እንጂ፥ ከካህናት በቀር ማንም እንዳያየው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይከለክላል። ቤተ መዘክሩ ይህን ሥርዓት አክብሮ ታቦታቱን ለብቻቸው በተዘጋ ክፍል አኖራቸው። ክፍሉ ለኢትዮጵያ ካህናት ብቻ ይከፈታል፤ የቤቱ ሊቃውንት ራሳቸው አይገቡበትም፥ ታቦታቱም አይመረመሩም፥ ፎቶግራፍም አይነሡም።

ይህ አክብሮት ሊመሰገን የሚገባው ነው፤ ነገር ግን ያከበሩትን ነገር መያዛቸውን ከባድ ጥያቄ ያደርገዋል። ቤተ መዘክር የሚቆመው ሕዝብ እንዲያይና ሊቃውንት እንዲመረምሩ ነው፤ በእነዚህ ታቦታት ግን ሕዝቡም አያይ፥ ሊቁም አይመረምር፥ ካህኑም አይቀድስ። በ1963 የወጣው የቤተ መዘክሩ ሕግ ንብረቱን አውጥቶ መስጠትን ይከለክላል። ቢሆንም ድርብ የሆነውን ዕቃ፥ ደግሞም በቤቱ ሊቀመጥ የማይገባውንና ቢወጣ ተማሪዎችን የማይጎዳውን ለይቶ ይፈቅዳል። ተማሪ ከቶ ሊያየው ያልተፈቀደለት ነገር ቢወጣበት ምን ይጎድልበታል? በ2021 የሕግ ዐዋቂዎች ይህንኑ ክርክር አቅርበዋል። የቤቱ ሹማምንት ግን ታቦታቱን በብሪታንያ ላለች የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በውሰት መስጠትን እንደሚያስቡ ገልጸዋል። ባለቤቱ የገዛ ንብረቱን ተውሶ እንዲቀበል መጠየቁ እንግዳ ነገር ነው።

መመለስስ ለዚህ ቤት አዲስ አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ በ1872፥ ያለ ክብረ ነገሥት ሕዝባቸው እንደማይታዘዝላቸው ጽፈው መጽሐፉን ቢጠይቁ፥ ቤተ መዘክሩ ሁለት ቅጂ ስለ ነበረው አንዱን ሰደደላቸው። አብረው የጠየቁት የኵርዐተ ርእሱ ሥዕል ግን ሊገኝ አልቻለም ተባለ፤ ሆልምስ ለግሉ አስቀርቶት ነበርና።

ከሎንዶን ውጭ ደግሞ፥ በስኮትላንድ ኤዲንበርግ ከተማ በቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን፥ አንድ የጦር መኮንን ከመቅደላ አምጥቶ የሰጠው ታቦት በ2001 በቁም ሣጥን ውስጥ ተገኘ። የዚያ ደብር ሰዎች ምንነቱን በተረዱ ጊዜ ሕግም ፓርላማም አላስፈለጋቸውም። በ2002 መለሱት፥ አዲስ አበባም እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ በእልልታ ተቀበለው። በሎንዶንም የዌስትሚንስተር ደብር በመሠዊያው ውስጥ ያለውን የመቅደላ ታቦት ለመመለስ በመርሕ መስማማቱን በ2024 አስታውቋል።