ዞኑ ፈረሰ፤ ፋይሉስ?

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሲባል ዛሬ የሚታሰበን የሸገር ከተማ ክፍለ ከተሞች ናቸው። ከ2000 እስከ 2015 ዓ.ም. ግን በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን በሚባል አስተዳደር ሥር ነበሩ። ያ ዞን አሁን የለም። ስለ እሱ ማውራትም እየቀረ ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው።

ከውጭው ዓለም ልጀምር። ብራዚል ዛሬ የነባር ሕዝቦቿን ጉዳይ የሚከታተለውን መሥሪያ ቤት ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። አውስትራሊያ ደግሞ ነባር ሕዝቦቿ ተወካይ የሚመርጡበት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1990 አቋቁማ በ2005 አፈረሰችው፤ በ2019 በሌላ ኤጀንሲ መጣች። እኛ ጋ በዚህ ስም የተቋቋመ መሥሪያ ቤት የለም። ሕገ መንግሥታችን ሁሉንም «ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ» ይላል እንጂ አንዱን ነባር፣ ሌላውን መጤ አይልም። የተባበሩት መንግሥታት የነባር ሕዝቦችን መብት መግለጫ ያጸደቀው መስከረም 2 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ሚሊኒየሙን ባከበርን ማግስት ማለት ነው። በድምፅ አሰጣጡ ኢትዮጵያ አልተገኘችም።

ጥያቄው ግን ስም ስላልወጣለት አልቀረም። ጉለሌ፣ የካ፣ ገላን፣ አቢቹ የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ስሞች ናቸው። ዛሬ ሁለቱ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ስም ሆነዋል፤ ገላንና መና አቢቹ ደግሞ የሸገር። ስሙ ቀርቷል፤ በመሬቱ ላይ ያርስ የነበረው ሰው የልጅ ልጅ ግን አቤት የሚለው የት ነው?

ደርግ በ1975 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩትን አቋቋመ። ሥራው ማጥናት ነበር፤ ገበሬው ካሳ የሚጠይቅበት ቢሮ አልነበረም። በ1984 የወጣው አዋጅ ቁጥር 7 ኦሮሞ በአዲስ አበባ ላይ ያለውን ልዩ ጥቅም አወቀ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49(5) ደግሞ ይህንኑ በማኅበራዊ አገልግሎት፣ በተፈጥሮ ሀብትና በጋራ አስተዳደራዊ ጉዳዮች ዘርዝሮ፣ ዝርዝሩን ለሌላ ሕግ ተወው። ያ ሕግ በረቂቅ ደረጃ በሚኒስትሮች ምክር ቤት አልፎ ወደ ፓርላማ የተላከው በ2009 ዓ.ም. ነው። ሃያ ሁለት ዓመት! እሱም ቢሆን አልጸደቀም።

በዚህ መሀል ነው ልዩ ዞኑ የመጣው። ከዚያ በፊት ሦስቱ ከተሞች በሦስት ዞን ተበታትነው ነበር፤ ቡራዩ በምዕራብ ሸዋ፣ ሱሉልታ በሰሜን ሸዋ፣ ሰበታ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ። አስቡት እስኪ፦ የቡራዩ ገበሬ አዲስ አበባ አፍንጫው ሥር እያለች የዞን ጉዳይ ሲኖረው አምቦ ይሄዳል። የሱሉልታው ፍቼ፣ የሰበታው ወሊሶ። ወደ መቶ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው። ሦስቱን የገፋቸው ግን አንድ ነገር ነው፤ የአዲስ አበባ መስፋፋት። ስለዚህ ቀለበቱን በአንድ ዓይን የሚያይ አስተዳደር ማቋቋም ትክክለኛ ሐሳብ ነበር ባይ ነኝ።

ችግሩ ምን ነበር? ዞን በእኛ አወቃቀር አስተባባሪ ነው፤ ሕግ አያወጣም። የካሳው ቀመር የፌዴራል ነው። በ1997ቱ አዋጅ 455 መሠረት ገበሬው የሚከፈለው ባለፉት አምስት ዓመታት ካገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ አሥር እጥፍ ነበር። በዓመት በአማካይ 10 ሺህ ብር የሚያገኝ ሰው 100 ሺህ ብር ተቀብሎ ይወጣል ማለት ነው። የሚሰላው የጤፉ ገቢ ነው፤ ነገ በዚያ መሬት ላይ የሚቆመው ፋብሪካ ወይም ሰፈር ዋጋ አይደለም። በ2011 የወጣው አዋጅ 1161 ቀመሩን ወደ አሥራ አምስት እጥፍ፣ ያውም በሦስት ዓመት ውስጥ ወደተገኘው ከፍተኛ ገቢ አሻሻለው። ደህና መሻሻል ነው፤ ግን ብዙው መሬት ቀድሞ ሄዷል።

ገበሬውም ይህን ያውቃል። መንግሥት ሳይወስድብኝ ልሽጠው ብሎ ቆርሶ ሸጠ። ገዢው ከአዲስ አበባ ኪራይ የሸሸ ደሃ ነው፤ የጨረቃ ቤት ሠራ። በ2015 ሸገር ሲመሠረት ብዙ እንዲህ ያሉ ቤቶች ፈረሱ። የሸጠውም የገዛውም ተጎዳ። ሁለቱን ተበዳይ እርስ በርስ ማፋጀት ቀላል ነው፤ ሁለቱም ግን የሚያዳምጣቸው ቢሮ ያጡ ሰዎች ናቸው።

ሰሚ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣም አይተናል። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የጋራ ማስተር ፕላን በ2006 ተቃውሞ ገጠመው፣ በ2008 ከብዙ ሰው ሞት በኋላ ተሰረዘ። በዚያው ዓመት የከተማው ቆሻሻ ሰንዳፋ መጣል ተጀመረ፤ ገበሬዎቹ አንቀበልም አሉ፣ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሼ ተደርምሶ ከመቶ በላይ ሰው ገደለ። የሰንዳፋ ገበሬ ከመጀመሪያው በቅጡ ቢጠየቅ ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር ብዬ አስባለሁ።

አዲስ አበባ ደግሞ በምክትል ከንቲባ ታከለ ኡማ ዘመን የአርሶ አደርና ከተማ ግብርና ልማት ኮሚሽን አቋቋመች፤ ለተፈናቀሉ ገበሬዎችም ኮንዶሚኒየም ሰጠች። ይበል የሚያሰኝ ነው። ግን የሚያገለግለው በከተማዋ ወሰን ውስጥ ያለውን ነው። ከወሰኑ ማዶ ያለው የቡራዩ ወይም የሰበታ ገበሬ በዚያው በአዲስ አበባ መስፋፋት ተገፍቶ እንኳ እዚያ በር አይገባም። የእሱ በር ዞኑ ነበር። ዞኑ ደግሞ ፈረሰ።

ሸገር ከዞን የተሻለ አቅም ሊኖረው ይችላል፤ ከተማ ነው፣ የራሱ ገቢና የመሬት አስተዳደር አለው። እኔ የምፈራው ሌላ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሲፈርስ ርክክብ ይደረጋል፤ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ መኪና ይቆጠራል። ቃል የተገባለት ሰው ግን ማን ይቆጥረዋል? ምትክ ቦታ ይሰጥሃል ተብሎ ከስምንት ዓመት በፊት የፈረመ ገበሬ ዛሬ አዲስ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ ኃላፊ፣ አዲስ ማኅተም ነው የሚያገኘው። «ያንተን ጉዳይ እኛ አናውቀውም» ለማለት ደግሞ አዲስ መሥሪያ ቤት የሚመች የለም።

ስለዚህ ከአዲስ ስያሜ በፊት አንድ መዝገብ ይቅደም ባይ ነኝ፦ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ማን ከየትኛው መሬት ተነሳ፣ ስንት ተከፈለው፣ ምን ቃል ተገባለት፣ ምን ቀረው። ለሕዝብ ክፍት ይሁን። መሥሪያ ቤቱ ሺህ ጊዜ ስሙን ቢቀይር መዝገቡ ይከተለው።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ በልዩ ዞኑ የሠራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የሥራ ሚስጥር አውጡ አላልኩም። ያያችሁትን፣ የሆነውን ግን ጻፉት። እናንተ ካልጻፋችሁት ነገ «እንዲህ ያለ ዞን ነበር እንዴ?» የሚል ትውልድ ይመጣል።