የአፍሪካ አዳራሽ የመስታወት ሥዕል

የአፍሪካ አዳራሽ የመስታወት ሥዕል በአዲስ አበባ፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ውስጥ የሚገኝ፣ 150 ካሬ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ባለቀለም የመስታወት ሥራ ነው። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ (1925–2004 ዓ.ም.) ናቸው። በጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዘዲሚ የተነደፈው ሕንፃ የተመረቀው በ1953 ዓ.ም. ነው።

ሥዕሉ በሦስት ክፍሎች ያለፈውን መከራ፣ የነፃነት ትግሉንና የአህጉሪቱን ተስፋ ይተርካል፤ ችቦ የያዘው ቤተሰብ ከሁሉም በላይ ዓይን ይስባል። ሥራው ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል ሸራ አይደለም፤ ራሱ ግድግዳ ነው። ብርሃን ከውጭ ሲገባ የመስታወቱ ቀለም ደምቆ በእንግዳ መቀበያው ላይ ያርፋል፤ ሰዓቱና ደመናው በተለወጡ ቁጥርም መልኩ ይለወጣል። ሠዓሊው የሕንፃውን ብርሃን እንደ ቀለም ተጠቅመውበታል ማለት ይቻላል። በከተማዋ ኋላ የተሠሩ ብዙ ሕንፃዎች ግን ጥበብን ያስታወሱት፣ ካስታወሱም፣ ግንባታው ካለቀ በኋላ ነው።

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተፈረመው በዚሁ አዳራሽ ነበር። ሕንፃው ከሰፊ እድሳት በኋላ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግም ተመርቋል።